ሃምሳ ሎሚና ሁለት ገመድ

በዚህ ዓምድ ስለ ስደት ኑሮ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ወረቀት ጣጣ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማወጋዎት ስለ ገመድ ነው። «ደግሞ ምን ገመድ?» ይሉ ይሆናል። ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር፣ አንዱን ፎቅ ከሌላው ፎቅ ስለሚያገናኘው፣ ከትንሽ ጣት ስለሚቀጥነው ተራ ገመድ ነው። ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። ነገሩ ከእጅ ስልክዎ፣ አገር ቤት ካሉት እናትዎ ድምፅ፣ እንዲሁም ዘመድ ለማስመጣት ከምንሯሯጥባት ከዚያች አንዲት ጠዋት ጋር የተያያዘ ነው።

አባቶቻችን ስለ ኅብረት ሲናገሩ ሁለት ምሳሌዎች ትተውልናል። አንደኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ሁለተኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ላይ ላዩን ሲሰሟቸው አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። ግን አይደሉም። በመጀመሪያው ክሮቹ ተገምደው አንድ ወፍራም ገመድ ይሆናሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ተደምሮ አንድ ትልቅ ጉልበት ይወጣዋል። በሁለተኛው ግን ማንም ከማንም ጋር አይገመድም። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን አንድ ሎሚ ይዞ ይሄዳል፤ ሎሚውም ለሁለት አይቆረስም። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ። ሳያውቁት ገንዘባቸውን ያባከኑ ብዙ ሰዎች አሉ።

አስቀድሜ መሣሪያውን ላስተዋውቅዎ። ስዊች ይባላል፤ መብራት ከምናበራበት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም። 8 ወይም 24 ወይም 48 ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ሣጥን ሲሆን በየቀዳዳው አንድ አንድ ገመድ ይሰካበታል። ሥራው የድሮዋን የስልክ ኦፕሬተር ይመስላል፤ የመጣውን መልእክት አድራሻ አይቶ ወደሚገባው ቀዳዳ ያሳልፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለቤት ሠራተኝነት ወደዚህ ከተማ የመጡት እህቶቻችን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ዕረፍት ሲያገኙ ተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ ተሰባስበው፣ ጀቶኔ የሚባለውን የስልክ ሳንቲም በእጃቸው ጨብጠው ተራ ሲጠብቁ ያዩ አንባቢዎች የመስመርን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንድ መስመር አንድ ተናጋሪ ነበረው፤ ሌላው ይቆማል። ስልክ ራሱ ወደ አገራችን የገባው፣ በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ጣሊያንን ጎብኝተው ሲመለሱ ይዘውት በመጡት መሣሪያ እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህ የሮምና የእኛ የገመድ ትውውቅ የቆየ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ በሙያዬ የኔትዎርክ ቴክኒሺያን ነኝ። ቀን ቀን በደመወዝ ለሌሎች እዘረጋለሁ፤ በዕረፍቴ ደግሞ የማኅበራችን ቤት ሲቸገር እጠራለሁ። ቤቱን ለማያውቁት፣ ከተርሚኒ ብዙ በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ምድር ቤት አንዲት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አዳራሽና ሁለት ቢሮ አለን። ከውጭ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር የሚገባው ምድር ቤት ነው፤ እዚያ አንድ ስዊች አለ። ሦስተኛ ፎቅ ሌላ ስዊች አለ። በሁለቱ መካከል በደረጃው ጥግ ተጎትቶ የሚወጣ ገመድ ነበር። አንድ ብቻ።

በዚያ አንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ይቁጠሩልኝ። እሁድ ጠዋት የልጆች የአማርኛ ትምህርት አለ። ከሰዓት በኋላ እናቶች ቡናቸውን እየጠጡ ደሴ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ካሉ የልጅ ልጆቻቸው ጋር በምስል ይጫወታሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ፣ ወረቀቱ ስላልደረሰለት አገር ቤት ሄዶ አፈር ማልበስ ያልቻለ ወንድማችን ወይም እህታችን፣ ቀብሩን እዚያ አዳራሽ ተቀምጦ በስክሪን ይከታተላል፤ ወዳጅ ዘመድ ከቦት አብሮት ያለቅሳል። የእናቱ ሣጥን ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ምስሉ ቀጥ ብሎ የቆመበትን ሰው ፊት ያየ፣ ስለ ገመድ ሲወራ አይስቅም።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው ግን ጣሊያኖቹ «ክሊክ ዴይ» የሚሉት ቀን ነው። መንግሥት ከውጭ ለሚገቡ ሠራተኞች ኮታ ይመድባል፤ አሠሪው ማመልከቻውን አስቀድሞ ሞልቶ ያዘጋጅና በተቆረጠው ቀንና ሰዓት ይልካል፤ የሚታየውም በደረሰበት ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ ማመልከቻ የተከፈተው ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ በእነሱ ከጠዋቱ 9፣ በእኛ 3 ሰዓት ላይ ነበር። እህቶቻችን የሚያስታምሟቸውን አዛውንቶች ልጆች፣ ማለትም አሠሪዎቻቸውን፣ ይዘው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቢሮ ይመጣሉ፤ ኮምፒዩተር የማይቀናው ሰው በዚያ ይረዳል። ከመካከላቸው አንዲቱ የእህቷን ልጅ ለማስመጣት ሁለት ዓመት የጠበቀች ነበረች።

ታዲያ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ ደረጃውን የሚያድስ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ምስማር ሲመታ ገመዱን ወጋው። ሦስተኛ ፎቅ ግማሽ ቀን ጨለመ ማለት ይቻላል፤ መብራት አለ፣ ዓለም ግን የለም። ያንን ጠገንን። በማግስቱ ከወጣቶቻችን አንዱ በቅን ልቦና፣ «አንዱ ቢበጠስ አንዱ ይኖራል» ብሎ ሁለተኛ ገመድ ገዝቶ ከዚያው ስዊች ወደዚያው ስዊች ሰካው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ውጤቱ ግን ቤቱን በሙሉ አደነዘዘው። የሁለቱም ስዊቾች መብራቶች እንደ ገና ዛፍ አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፤ ምድር ቤት ያለው ኮምፒዩተር እንኳ፣ ከሁለተኛው ገመድ ጋር ምንም የማይገናኘው፣ ሥራ አቆመ።

ምን ሆነ? ዕድርን ያስቡ። ጡሩንባ ነፊው «እገሌ ዐርፏል፣ ሁላችሁም ስሙ» ሲል የሰማ ሁሉ ለጎረቤቱ ያደርሳል። ስዊችም እንዲህ ያለ «ሁላችሁም ስሙ» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ከመጣበት ቀዳዳ በቀር በቀሩት ሁሉ ያሰማል። በሁለት ስዊቾች መካከል አንድ መንገድ ብቻ ካለ ጥሪው ዳር ደርሶ ያበቃል። ሁለት መንገድ ካለ ግን በአንዱ የወጣው ጥሪ በሌላው ተመልሶ ይመጣል፤ ስዊቹም አዲስ መርዶ የመጣ መስሎት እንደገና ያሰማዋል። በኢንተርኔት የሚጓዝ መልእክት በየመተላለፊያው የሚቀነስ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜው ሲያልቅ ይጣላል። በስዊቾች መካከል የሚዞረው ጥሪ ግን እንዲህ ያለ ዕድሜ አልተሰጠውም። ገመዱ እስኪነቀል ድረስ ይዞራል፣ ይባዛል፣ መንገዱን ሞልቶ ለሌላው መተንፈሻ ያሳጣል። የሙያው ሰዎች ማዕበል ይሉታል።

ለዚህ ማዕበል መድኃኒት ያገኘችለት ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በሚባለው ኩባንያ ስትሠራ። የእሷ ዘዴ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ስዊቾቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው የቀለበቱን አንድ ጎን ይዘጋሉ፤ አንዱ መንገድ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። በእኛ ቤት የነበሩት ርካሽ ስዊቾች ይህን አያውቁም ነበር፤ ከሱቅ በጥቂት ዩሮ የሚገዙት ብዙዎቹ አያውቁም። እናም አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ ወይም በሱቅዎ ሁለት ስዊች ካለ ሁለተኛ ገመድ ከመስካትዎ በፊት ሰው ይጠይቁ።

ፐርልማን የሠራችው ነገር ግሩም ነው፤ ዛሬም ዓለም ይጠቀምበታል። አንድ ቅር የሚያሰኝ ጠባይ ግን አለው። ሁለት ገመድ ገዝተው አንዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ የፈታ ነገር ደግሞ መበላሸቱ የሚታወቀው በሚፈለግበት ቀን ነው። መኪና ያላችሁ ስኮርታ ጎማን አስታውሱ፤ መተንፈሱን ያወቃችሁት የት ቆማችሁ እንደሆነም አስታውሱ። ስለዚህ ሁለቱም ገመዶች እኩል እየሠሩ፣ ስዊቾቹ ግን እንደ አንድ ገመድ የሚቆጥሯቸው ዘዴ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኤተርኔት ስዊች ለገበያ ያቀረበው ካልፓና የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይህንንም ጀመረው፤ ሲስኮ ካልፓናን እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ገዛውና ኤተርቻነል የሚለው ስም በሲስኮ ስዊቾች ላይ ታዋቂ ሆነ። ግን የአንዱ ኩባንያ ስዊች ከሌላው ጋር እንዲግባባ የጋራ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 802.3 ኤ.ዲ. በሚል ቁጥር ወጣ። በ2008 ቁጥሩ ተቀይሮ 802.1 ኤ.ኤክስ. ተባለ፤ አሁንም ብዙ ቴክኒሺያን በድሮው ስሙ ነው የሚጠራው። የነገሩ ስም ሊንክ አግሪጌሽን ነው።

ይህ የትልልቅ ተቋማት ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ትልልቆቹ ግን ያለ እሱ አይኖሩም። ከተርሚኒ ተነሥተው በእግር ወደ ሳን ሎሬንሶ ሠፈር ቢያዘግሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ናሜክስ የሚባለው የሮም የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ይገኛል። ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ገመዳቸውን አምጥተው በጋራ ስዊቾች ላይ ይሰኩና፣ የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ የሚልከውን እዚያው ይለዋወጣሉ። በእንዲህ ያለ ማዕከል አንድ ቀዳዳ የማይበቃው ኩባንያ ሁለት፣ አራት ቀዳዳ ወስዶ እንደ አንድ ያስራቸዋል። እኛ በሁለት የቆዩ ስዊቾች የሠራነውና እዚያ የሚሠራው በመጠን እንጂ በዓይነት አይለያይም።

እንግዲህ አዋጥተን ሁለት ያገለገሉ፣ ትእዛዝ የሚቀበሉ ስዊቾች ገዛንና ሥራው ተጀመረ። ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልንገርዎ። ሁለተኛው ገመድ የሚሰካው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ በሁለቱም ስዊቾች ላይ «ቀዳዳ ቁጥር ይህና ይህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። ሲጻፍም የሚጀመረው ከሩቁ ስዊች ነው፤ ምድር ቤት ተቀምጠው የምድር ቤቱን ቀድመው ቢቀይሩት፣ ወደ ላይኛው የሚወስድዎት ብቸኛ መንገድ ሊቋረጥና ሦስት ፎቅ በእግርዎ ሊወጡ ይችላሉ። በአሮጌ የሮም ሕንፃ ሦስት ፎቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጉልበት ያለው ይመስክር። ገመዶቹም ፍጥነታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ፈጣኑን በሬ ከዘገምተኛው ጋር አይጠምዱም።

ከዚያ ስዊቾቹ መተዋወቅ አለባቸው። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤል ኤ ሲ ፒ ይባላል። በየገመዱ፣ በየ1 ሴኮንዱ ወይም በየ30 ሴኮንዱ፣ «እኔ እገሌ ነኝ፣ አንተስ?» ይባባላሉ። ሦስት ጊዜ መልስ ያልመጣበት ገመድ ከጥቅሉ ይወጣል። መብራቱ ቢበራም እንኳ ይወጣል፤ መብራት መብራቱ ብቻውን ገመዱ ወደ ትክክለኛው ስዊች መሄዱን አይመሰክርምና። እያንዳንዱ ወገን ደግሞ ከሁለት ጠባዮች አንዱን ይይዛል፤ ወይ ቀድሞ ሰላምታ ሰጪ ይሆናል፣ ወይ ሰላም ሲባል ብቻ መላሽ። ሁለቱም መላሾች ከሆኑ ምንም አይሆንም። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ኢትዮጵያውያንን አይተው ያውቃሉ? «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ አይሆንም»፤ ወጡ ይቀዘቅዛል። እኔ ሁለቱንም ሰላምታ ሰጪ አደርጋቸዋለሁ። ጭራሽ ሰላምታ ሳይለዋወጡ በግድ የሚታሰሩበት ሦስተኛ መንገድም አለ። አልወደውም። አንዱ ወገን ሳይነገረው ቢቀር ያው ማዕበል ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱ ገመዶች ታሠሩ። ያ ወጣታችን ወዲያው ሞባይሉን አውጥቶ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለካ። ያው ነው። ኮምፒዩተር ከምድር ቤት ወደ ላይ ትልቅ ፊልም እንዲቀዳ አደረገ። ይኼም ያው ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ገመድ ከሆነ እጥፍ መሆን አልነበረበትም?» አለኝ። እነሆ የተረቱ ልዩነት እዚህ ላይ መጣ። እሱ የጠበቀው ድር አብሮ አንበሳ ሲያስር ነበር፤ ያሰርንለት ግን ሎሚ ተሸካሚዎችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጭውውት፣ ማለትም አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ጋር የሚለዋወጠው ነገር፣ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ይጓዛል። ጥቅሎቹ በሁለት ገመድ ተበታትነው ቢሄዱ ኋለኛው ፊተኛውን ሊቀድም ይችላል፤ ተቀባዩም የተዘበራረቀ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህን ለመከላከል ስዊቹ የላኪንና የተቀባይን አድራሻ ወስዶ ትንሽ ስሌት ይሠራል፤ የስሌቱ ውጤት ገመዱን ይመርጣል። አድራሻዎቹ እስካልተለወጡ ድረስ ውጤቱም አይለወጥምና፣ አንድ ጭውውት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ገመድ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ፊልም ሲቀዳ በአንድ ገመድ ፍጥነት ይቀዳል፤ ስምንት ገመድ ቢያስሩለትም እንዲሁ። ጥቅሙ የሚታየው አሥር፣ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ነው። ከውጭ የሚገባው መስመር ደግሞ ውስጥ ገመድ ስለተጨመረ አይሰፋም። «እጥፍ ፍጥነት» እያለ የሚሸጥልዎ ነጋዴ ካለ ይህን ይጠይቁትና ፊቱን ይዩ።

ሌላም ነገር አለ። ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ሳይ ወደ ላይ ከሚወጣው መረጃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንደኛው ገመድ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ቆሞ ያያል። የሚመርጠው ምድር ቤት ያለው ስዊች ነው፤ እሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ስሌቱን የሚሠራው በላኪው መሣሪያ አድራሻ ብቻ ነበር። ከኢንተርኔት ወደ ላይ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ በዚያ ስዊች ዓይን ላኪው አንድ ነው፤ ያ በር ላይ ያለው ራውተር። አንድ ላኪ፣ አንድ ውጤት፣ አንድ ገመድ። ስሌቱ የላኪንም የተቀባይንም የኢንተርኔት አድራሻ እንዲጨምር አዘዝነው፤ ሸክሙም ተከፋፈለ። እኩል በእኩል ግን አይሆንም። ስሌቱ አድራሻ እንጂ ክብደት አያይምና፣ ሁለት ትልልቅ ተጠቃሚዎች አንድ ገመድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። በየአቅጣጫውም ምርጫው የየራስ ነው፤ የሚወጣው በአንዱ፣ የሚመለሰው በሌላው ቢሄድ አይደነቁ።

እንግዲህ ፍጥነት ካልጨመረልን ለምን ደከምን? ለምስማሩ ነው። የክሊክ ዴይ ማመልከቻ ትንሽ ነገር ናት፤ ከአንድ ፎቶግራፍ አትበልጥም፤ ገመድ ቢደራረብ አትቀድምም። አንዳንዶች ፈጣን መስመር ያለው ይቀድማል ብለው ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ አይቻለሁ። ከሺህ ሰው ጋር በተመሳሳይ ሴኮንድ በር ላይ ለሚጋፋ ሰው የራሱ ደረጃ ስፋት ምን ይጠቅመዋል? የሚጎዳው መውደቅ ነው። 3 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገመዱ የሞተበት ሰው ዓመት ይጠብቃል።

ስለ ምስማር ካነሣን፣ ሁለተኛው ገመድ በደረጃው ጥግ እንዳይሄድ ጸንቼ ተከራከርኩ። በአንድ ቱቦ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ገመዶች በአንድ ምስማር ይሞታሉ። ሌላው መንገድ ጣሊያኖቹ ካቬዲዮ የሚሉት፣ በሕንፃው መሐል ያለው የብርሃን ጉድጓድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የኮንዶሚኒዮው ፈቃድ ያስፈልጋል። ስብሰባውን አልተርክልዎትም፤ ሮም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ብቻ ተፈቀደ።

ይህ የአንድ መንገድ አደጋ የእኛ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትምና የባሕር ገመድ በቀጥታ አይደርሳትም፤ በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው ወደ ዓለም የምትወጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ኤ ኤ ኢ 1 የተባለው 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባሕር ገመድ፣ ጂቡቲንም እዚህ ጣሊያን ውስጥ ባሪንም ይነካል። ከባሪ ተነሥቶ በባሕር ወለል ላይ እየተጋደመ ከአገራችን ደጃፍ ይደርሳል ማለት ነው። በቀይ ባሕር ግን ብዙ ገመዶች በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ጎን ለጎን ነው የሚያልፉት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ሦስት ያህል ገመዶች በአንድ ሰሞን ተበጠሱ፤ ኤ ኤ ኢ 1 አንዱ ነበር። የባሕሩም ምስማር ብዙ ገመድ ይወጋል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ በገመድ ብዛት አይፈታም። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች፤ ለብዙ ወራት። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በእነዚያ ጊዜያት በማኅበራችን አዳራሽ ስልካቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ አንድ ምልክት ሲጠብቁ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። «አንተ የገመድ ሰው አይደለህ? እስቲ አንድ ነገር አድርግ» ያሉኝ አባት አሉ። ምን አደርጋለሁ? ገመዱ ደኅና ነበር። የተዘጋው በሰው ትእዛዝ ነው፤ ለእሱ ቴክኒሺያን አይጠራም።

ወደ ቤታችን ልመልስዎ። ፌብሩዋሪ 4 ምሽት ሙከራ አደረግን። አንዲት እናት በአዳራሹ ጥግ ደሴ ካሉት እህታቸው ጋር በምስል ይጫወቱ ነበር። ጠጋ ብዬ፣

«እማማ፣ ልፈትን ስለሆነ አንድ ገመድ ልነቅል ነው፤ ጨዋታዎ ቢቋረጥ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ንቀለው ልጄ፤ እሷ እንደሆነች አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የምትደግመው» አሉኝ።

ወጣቱ ምድር ቤት ሆኖ የመጀመሪያውን ነቀለ። ምንም አልሆነም። ይህ ግን ገና ምንም አያረጋግጥም፤ የእሳቸው ጭውውት በሌላኛው ገመድ ሲሄድ ሊሆን ይችላል። መልሶ ሰካው፤ ስዊቾቹ ሰላምታ እስኪለዋወጡ ጠበቅን፤ ሁለተኛውን ነቀለ። ያኔ የእህታቸው ፊት አፏ እንደተከፈተ ለዓይን ቅጽበት ቀጥ አለና ቀጠለ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ እማማ፤ ወደ እኔ ዞረው አላዩም።

ፌብሩዋሪ 7 ጠዋት ስለ ገመድ ማንም ምንም አላነሣም። ስድስቱም ኮምፒዩተሮች ተከፍተው፣ ስድስት ጣቶች ቁልፉ ላይ ሆነው፣ ሰዓቱ ሲሞላ ተጫኑ። ሁሉም ሄደ። ያቺ የእህቷን ልጅ የምትጠብቀው ሴት ከአሠሪዋ ጋር ደረሰኙን ሁለት ቅጂ አሳትማ፣ አንዱን በጡቷ ውስጥ ከትታ ወረደች። ኮታው ለማን ደረሰ የሚለው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ሌሊት ነው።

አሁን የቀረን ሁለቱም ገመዶች የሚሰኩት በአንድ ስዊች ላይ መሆኑ ነው። ያ ስዊች ራሱ ቢሞት ሁለቱ ገመዶች አብረውት ሥራ ያቆማሉ። አንድ ጥቅል በሁለት የተለያዩ ስዊቾች ላይ የሚታሠርበት ዘዴ አለ፤ ዋጋው ግን ለጊዜው ከአቅማችን በላይ ነው። ከዚያ የሚቀርበው አደጋ ይበልጥ ተራ ነው። የሦስተኛው ፎቅ ስዊች ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በአዳራሹ በር አጠገብ ካለው ሶኬት ሲሆን፣ ለቡና ውኃ ማፍያ የሚመቸውም ያው ሶኬት ነው። ባለፈው እሁድ በትምህርት ሰዓት ሁሉም ነገር ድንገት ሲጠፋ ሮጬ ሄጄ አየሁ፤ የስዊቹ ስፒና ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ውኃው ይፈላል። ማን እንደነቀለው አልጠየቅኩም፤ ቡናውንም ጠጣሁ። ከዚያ በወፍራም ካርቶን ላይ በሁለት ቋንቋ «አይነቀልም — ኖን ስታካሬ» ብዬ ጽፌ ስፒናው ላይ በሽቦ አሰርኩት፤ ለጀበናው ደግሞ ከማዶው ግድግዳ ማራዘሚያ ዘረጋሁ።